እናቴ አለመሞቷን በፎቶ ስናስረዳ

ሰው ፎቶ ሲነሳ ለምን እንደሚሞት አይገባኝም። መሞት ስል ነፍሱ ትወጣለች ማለቴ አይደለም። ግን አስተውላችሁ ከሆነ፣ አሁን በር ላይ ቆሞ ሲስቅ፣ ሰው ሲያማ፣ በጎረቤቱ በሬ ላይ ሲፈርድ የነበረ ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ እጁን ጉልበቱ ላይ ይተክላል፣ አገጩን ያነሳል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ በቃ። አለቀለት። ቢቸና ውስጥ ፎቶ የሰቀለ ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ ተገንዘው የቆሙ ዘመዶች አሉት። ግማሾቹ በሕይወት አሉ፤ ከገዛ ፎቷቸው ሥር ተቀምጠው ጠላ ሲጠጡ ታገኟቸዋላችሁ።

ለሌላው ሰው ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ለኛ ቤት ግን ዘንድሮ የጭንቅ ጉዳይ ሆነ። እኛ የምንፈልገው እምዬ፣ እናቴን ማለቴ ነው፣ በሕይወት መኖሯን የሚያስረዳ ፎቶ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ስማቸው አዲስ አበባ መምህርነት ይማራል፤ የቀረው የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነው። አንድ ቀን መሐመድ ሾፌሩ፣ ከአዲስ አበባ ጨውና ስኳር ጭኖ በደጀን በኩል ወደኛ የሚመጣው፣ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን ደጃችን ላይ አቆመና ገባ። ሰላምታውን ሳይጨርስ እምዬን ከእግሯ እስከ ራሷ አየት አየት አደረጋትና፣

"አልሐምዱሊላህ፣ አሉ!" አለ።

"የት ልሄድ ኖሯል?" አለች እምዬ።

"ስማቸው ሞተዋል ብሎ ነዋ፣ እማማ!"

ስማቸው የፊት ጥርሱ ሲወልቅ በሕልሙ አየ። ጥርስ በሕልም ከወለቀ የቅርብ ሰው ይሞታል የሚባለውን ደግሞ መምህርነት የሚማር ሰው አይረሳውም፤ የሚረሳው ሌላ ሌላውን ነው። እንቅልፍ አጣ። መናኸሪያ ድረስ ሄዶ መሐመድን ፈልጎ አገኘና እንዲህ ሲል ላከብን፦ "እምዬ ካለች ፎቶዋን ላኩልኝ፤ የድሮውን አይደለም፣ አሁን የምትነሳውን። አለዚያ ፈተናውን ትቼ መጣሁ።"

ፈተናውን ትቶ ከመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር ገደል ገባ ማለት ነው። የዚያን ሁሉ ዓመት ትምህርት ዓባይ በላው ማለት ነው።

"እናቱን ይሄን ያህል ምን አስጠረጠረው?" ትሉ ይሆናል። እውነቱን ልናገርና አይፈረድበትም። አባባ ያረፉ ጊዜም ስማቸው ፈተና ላይ ነበር። መቼም በአገራችን ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በዋዛ አይነገርም፤ ፈተና ላይ ላለ ተማሪማ ጭራሽ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ይደበቅ አሉ፣ ተደበቀ። "አባባ ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሃል" እየተባለ ከረመ። ስልክ የደወለ ጊዜ እንኳ አጎቴ ከበስተኋላ ሆኖ አባባን መስሎ ሳለለት። አሳሳሉ ደግሞ አይጣል ነው! ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባባ ራሳቸው እንደዚያ አሳምረው ስለው አያውቁም። ስማቸው ክረምት ሲመጣ መርዶውን ሰማ፤ ከሁሉም ያንገበገበኝ ያ ሳል ነው እያለ እስከ ዛሬ ይናገራል።

(የአማርኛ አስተማሪያችን ይሄን ቢያዩ "ከአርእስቱ አትውጪ" ይሉኛል። አልወጣሁም እኮ መምህር። ሳሉ ለጉዳዩ ያስፈልጋል።)

እንግዲህ ደብዳቤ ብንጽፍለት አያምንም። ስልክ ብንደውል ደግሞ የአክስቴ የየውብዳር ድምፅ ከእምዬ ድምፅ አይለይም፤ እሱም ያውቃል፤ ሳሉም ትዝ ይለዋል። የቀረው ፎቶ ነው። የፎቶው ጣጣ ደግሞ አክስቴ በመልክም ቁርጥ እምዬን መሆኗ ነው።

"እኔ አስነሳታለሁ" አልኩ።

"አንች?" አለች አክስቴ።

"እኔ! ስማቸው ሲያያት 'እች ናት፣ አልሞተችም' የሚል ፎቶ ካላስነሳሁ ከስምንተኛ ክፍል ሰባተኛ ልመለስ።"

የቢቸናው ፎቶ አንሺ ካሜራውን ለማስጠገን አዲስ አበባ እንደወረደ ቀርቷል። ስለዚህ ሞጣ መሄድ ግድ ሆነ። መሐመድ ሞጣ ያደርሰንና ወደ ባሕር ዳር ይሻገራል፤ ቅዳሜ ሲመለስ ፎቶውን ከሞጣ ይወስዳል። ቅዳሜ ካመለጠን ፈተናው ይደርሳል፣ ስማቸውም ይመጣል። ትምህርት ቤት ሄጄ ፈቃድ ጠየቅሁ። ምክንያት ሲሉኝ "እናቴ አለመሞቷን ለማስረዳት" አልኳቸው። ዳይሬክተሩ ለብዙ ጊዜ አዩኝና ፈቀዱ።

አክስቴም "ምስክር ያስፈልጋል" ብላ ተነሳች።

"አክስቴ፣ ብቻ አንች ፎቶው ውስጥ እንዳትገቢ። ሁለታችሁን ባንድ ላይ ካየ የቱ የቱ እንደሆነች ሊምታታበት ይችላል።"

"ኧረ ምን በወጣኝ!" አለች። እንዲህ እያለች ግን ጸጉሯን ቅቤ ትቀባ ነበር።

ጋቢና ውስጥ እምዬ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሃል፣ አክስቴ ደግሞ በከፊል እኔ ላይ ተቀመጥን። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈነዳ። መሐመድ ጎማውን እስኪቀይር እምዬ ከመንገዱ ወረደችና አንድ የሚያርስ የማታውቀው ገበሬ ዘንድ ሄዳ "ቀንበርህ ወዳንድ ወገን አዘንብሏል፣ በሬው ምን በደለህ?" ብላ ወቀሰችው። ሰውየው ቀንበሩን አስተካከለ። ሞተች የተባለችው እንግዲህ ይቺ ናት።

ሞጣ ስንደርስ በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤት እንሂድ አልኩ። እምዬ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። የአጎቷ ሚስት እዚያው ሞጣ ካረፉ ገና ወር አልሞላቸውም። "ለቅሶ ሳትደርስ ለፎቶ ተቀምጣ ተገኘች ልባልልሽ?" አለች። ሄድን፤ አለቀሱ። እምዬ ደግሞ ለቅሶ ስትደርስ ለይስሙላ አታለቅስም፤ ሟቿን ከነአባታቸው፣ ከነሙያቸው፣ ከነጠጃቸው እያነሳች ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤት አመጣኋት። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ፤ ግን ያኔ አልታየኝም።

ፎቶ አንሺው አቶ ደምስ ይባላሉ። ከረባት ያሰሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሰውን ሲያዩ አንድ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። የፎቶ ቤታቸው መጋረጃ ላይ የዓባይ ድልድይ ተስሏል፤ ከላይ አውሮፕላን ይበራል፣ ከታች አንበሳ ውሃ ይጠጣል። ከመጋረጃው አጠገብ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ሽቦ የሌለው ስልክ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ሬዲዮ፣ መስተዋት የሌለው መነጽር፣ የቆመ የእጅ ሰዓት ተደርድሯል።

"ፎቶ ያለ ዕቃ ባዶ ነው" አሉ አቶ ደምስ። "ሰውየው ማን እንደሆነ የሚናገረው ዕቃው ነው። እናታችሁን ምን እናድርጋቸው? ነጋዴ? የባለሥልጣን እናት?"

"በሕይወት ያለች" አልኩ።

"እ?"

"በሕይወት ያለች ያድርጓት።"

አቶ ደምስ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩኝና "ለሱ አበባው ይሆናል" አሉ።

እምዬን አስቀመጧት፣ አበባውን አስታቀፏት። ተነሳች። በማግስቱ ታጥቦ መጣ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ ነጠላዋን ለኀዘን እንደሚለበሰው ጥለቱን አንገቷ ላይ አዙራለች፤ እቅፏ ውስጥ አበባ አለ። እምዬ የገዛ ለቅሶዋ ላይ የተገኘች ትመስላለች።

"አምሮብሻል እታለም" አለች አክስቴ።

"አክስቴ! ይሄን ካየ 'እምዬስ አለች፣ ታዲያ የሞተው ማን ነው?' ብሎ ይመጣል!"

እኔ ግን በአንድ ፎቶ ተስፋ የምቆርጥ ሰው አይደለሁም። እምዬ ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ስልኩን አስያዝኳት። እንደ ጋለ ፍም ከጆሮዋ አርቃ ያዘችው።

"ወደ ጆሮሽ አስጠጊው፣ አውሪ።"

"ከማን ጋር?"

"ዝም ብለሽ አውሪ።"

"እኔ ከማላየው ሰው ጋር ዝም ብዬ አላወራም። ደግሞስ ገመዱ የታለ? ይሄ ወዴት ነው የሚደውለው?" ብላ ቀና ብላ ወደ ሰማይ አየች። እኔም አየሁ። ሽቦ በሌለው ስልክ አባባን የምታነጋግር መሰለኝና ቶሎ ብዬ ነጠቅኳት።

ከዚያ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ አሁንም ድረስ በዚህ ብልሃት እኮራለሁ፤ ጥፋቱ የጋዜጣው ነው። ጋዜጣ ብትይዝ ቀኑ ይታያል! ቀኑ ከታየ ደግሞ በዚያ ቀን እንደነበረች ማን ይክዳል? ሮጥ ብዬ ከሱቅ ጋዜጣ ለምኜ መጣሁ። እምዬ ማንበብ ስለማትችል ገልብጣ ያዘችው። አቃናሁላት። "እንዲህ ይከብዳል" ብላ መልሳ ገለበጠችው። እንደምንም አቃንተን፣ አስነስተን፣ ስንጨርስ አክስቴ የጋዜጣውን ራስ በጣቷ እየቆጠረች አነበበችና "አንች ልጅ፣ ይሄ ስኳር የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው እኮ። አባትሽ ሳይሞቱ የወጣ ነው" አለችኝ።

እንግዲህ በዚህ ፎቶ እምዬ አባባ በሕይወት በነበሩበት ጊዜ በሕይወት እንደነበረች አስረዳን ማለት ነው። ይሄን ደግሞ ስማቸው ያውቃል።

ተስፋ ቆርጬ ቁጭ አልኩ። አልዋሽም፣ ለትንሽ ጊዜ ቁጭ ብዬ ነበር። እምዬ በዚህ መሃል ያን የመጀመሪያውን የለቅሶ ፎቶዋን ከጠረጴዛው አንስታ አየችው። አቀረበችው፣ አራቀችው።

"ይቺ ማናት?" አለች።

"አንች ነሽ እምዬ።"

"እኔ? እንዲህ ነኝ? በስመ አብ! ይቺማ የተቀበረች ናት!" ብላ ሳቀች። የእምዬ ሳቅ ከሆዷ ነው የሚነሳው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይፈሳል፣ ቆይቶ ነው ድምፁ የሚመጣው። "አቶ ደምስ! አሁን! አሁን!" ብዬ ጮህኩ። አቶ ደምስም አልሰነፉም፤ ቀጭ አደረጉት።

ያን ቀን ማደሪያችን ወደሆነው ለቅሶ ቤት እየዘፈንኩ ልገባ ስል አክስቴ አፌን በእጇ ያዘችልኝ። በማግስቱ ፎቶው መጣ። ጉድ ነው። ሳቅ ፎቶ ላይ ድምፅ እንደሌለው አስቤ አላውቅም። ዓይኗ ተጨፍኗል፣ አፏ ተከፍቷል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ላይ ደግሞ የእምዬ ፎቶ አለ።

"ይሄ እኔ ነኝ" አለች አክስቴ ቀስ ብላ። "እታለም ሞታ፣ እኔ ፎቶዋን ይዤ ሳለቅስ ማለት ነው።"

ያንን ብንልክለት ኖሮ ስማቸው መኪና እንኳ ሳይጠብቅ ከአዲስ አበባ በእግሩ ነበር የሚመጣው።

ዓርብ ሆነ። አቶ ደምስ የቀራቸው ፊልም አንድ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። እምዬ "እንግዲህ ይምጣ፣ መጥቶ ይየኝ፣ እኔ ቤቴን ጥዬ እዚህ አልከርምም" ማለት ጀመረች። ለማስመሰል ነው እንጂ ፊቷ ጠቁሯል። "የአባቱን ፊት ሳያይ ቀረ፤ ያን ጊዜ ይደበቅ ሲባል ዝም አልኩ፤ አሁን ሲጠረጥረን ምን ይደረግ?" አለች ለአክስቴ። እኔ እንዳልሰማ ሆንኩ። ግን ሰማሁ፤ ሰምቼም እልኬ ይበልጥ ተነሳ።

ሕይወት ያለውን ሰው ሕይወት ካለው ነገር ጋር ነው ማንሳት ያለብኝ አልኩ። ከለቅሶ ቤቱ ጓሮ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ለምኜ በነጠላዬ ጠቅልዬ አመጣሁ። አቶ ደምስ "ዶሮ በፎቶ ቤቴ?" አሉ። "ዕቃ ያስፈልጋል አላሉም?" አልኳቸው። እምዬ ዶሮውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እውነት እላችኋለሁ፣ መጀመሪያ ላይ አምሮባቸው ነበር። ከዚያ አቶ ደምስ ጥቁሩን ጨርቅ ራሳቸው ላይ ሲጥሉ ዶሮው የት ይወቀው፣ ንስር የመጣበት መሰለውና ተነስቶ በረረ። በአክስቴ ራስ ላይ አለፈ፣ ስልኩን ጣለ፣ መጋረጃው ላይ በጥፍሩ ተንጠለጠለ፣ ቀስ እያለም ወደ ታች ወረደ። ሲወርድ ጨርቁ ትርርር ይል ነበር። ዓባይ ድልድይ ከመሃሉ ለሁለት ተቀደደ።

አቶ ደምስ ከጨርቃቸው ሥር ሳይወጡ "ምን ነበር እሱ?" አሉ።

"ድልድዩ ነው" አለች አክስቴ።

አቶ ደምስ ወጥተው ሲያዩት ሊያለቅሱ ደረሱ። እምዬ ግን እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ትሆናለች። የሰው ንብረት አስቀድዶ መሄድ ለሷ ሞት ነው። ሁልጊዜ ቀሚሷ ላይ ሰክታ የምትይዘውን መርፌ አወጣች፣ በርጩማ ሳበች፣ ከመጋረጃው ሥር ተቀመጠች። እየሰፋች እኔን ትሰድበኛለች። "እች አውሬ! ዶሮ ለፎቶ ብላ! ዝም ብዬ ብሞትላችሁ ይሻላችሁ ነበር!" ከጣሪያው መስተዋት የሚወርደው ብርሃን ፊቷ ላይ ነው። መርፌው ይገባል፣ ይወጣል፣ ክሩ ይወጠራል።

ያን ጊዜ እጇን አየሁ።

እምዬ ግራኝ ናት። ይሄን የሚያውቀው የቤት ሰው ብቻ ነው። ልጅ ሆና አያቴ ግራ እጇን በመቀነት አስረው ነው ያሳደጓት፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ግራ እጇን አታወጣም፤ በቀኟ ትጨብጣለች፣ በቀኟ ትቀዳለች። ቤቷ ውስጥ ስትሰፋ፣ ስትፈትል፣ ስትቆጣ ግን ግራዋ ይወጣል። አክስቴ ግራኝ አይደለችም። ስማቸው ደግሞ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጥፊ በየት በኩል እንደሚመጣበት ያውቃል።

"አቶ ደምስ" አልኩ በሹክሹክታ፣ "ይሄን ያንሱት።"

"ይሄ ሥራ ነው እንጂ ፎቶ ነው? መጋረጃ እየሰፉ ፎቶ የተነሱ ሰው በዓለም ላይ የሉም!"

"እሷ የመጀመሪያዋ ትሁን!"

እምዬ ሰማችን። ካሜራው ወደሷ ሲዞር ወዲያው መርፌዋን ወደ ቀኝ እጇ አዛወረች፣ አገጯን አነሳች፣ ትንፋሿን ዋጠች። ሞተች! ዓይኔ እያየ ሞተችብኝ!

"ተይው እምዬ፣ ለካ ፊልሙ አልቋል" አልኩ ጮክ ብዬ። አቶ ደምስ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እግራቸውን ረገጥኳቸው። አክስቴንም ጠቀስኳት። አክስቴ ሞኝ አይደለችም፤ "አምጭው፣ እኔ ልጨርሰው፣ ደክሞሻል" ብላ መርፌውን ተቀበለችና ከድልድዩ ምሰሶ እስከ አንበሳው ጅራት የሚደርስ አንድ ጠማማ ስፌት ሰፋች።

እምዬ ጠማማ ስፌት አይታ ዝም ብላ አታውቅም። "የውቤ! ይሄ ስፌት ነው? ይሄ የዕባብ መንገድ ነው! ወዲያ በይ!" ብላ መርፌውን ነጠቀቻት፤ በግራዋ። ፈታችው፤ በግራዋ። ዓይኗ እንደ ሕፃን ዓይን ተከፍቶ፣ አፏ በስድብ መሃል፣ ግራ እጇ ክሩን ወደ ላይ ስቦ፣ ከፊቷ ዓባይ ድልድይ ተቀድዶ… ቀጭ!

"ፊልም አልቋል አላላችሁም?" አለች እምዬ።

"አሁን ነው ያለቀው" አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት የመሐመድ ጥሩምባ ከመንገድ ሲሰማ እኛ ፎቶ ቤት በር ላይ ነበርን። አቶ ደምስ ከጨለማ ክፍላቸው ውሃ የሚንጠባጠብ ፎቶ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሙሽራ እንደሚያስወጣ ሚዜ ፈገግ ብለው ወጡ። አየሁት። ዓይኗ፣ አለ። ስድቡ፣ አለ፤ የሚሰማ ይመስላል። ድልድዩ፣ አለ። መርፌው…

መርፌው በቀኝ እጇ ነው።

"እንዴ! አቶ ደምስ! እጇ!"

"አየሽው?" አሉ ደስ ብሏቸው። "ግራ ሆኖ አገኘሁት። ለእናት ነውር ነው ብዬ ፊልሙን ገልብጬ አጠብኩላችሁ። ለባላባቶች ነው እንዲህ የማደርገው።"

አንበሳው ከወትሮው በተቃራኒ ወገን ቆሟል፤ አውሮፕላኑም ወደመጣበት ይመለሳል። አክስቴ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አይታ "ይሄውላችሁ፣ አሁንም እኔ ነኝ" አለች።

"ይገልብጡት!" አልኩ።

"ምን?"

"መልሰው ይገልብጡት!"

"ተይው" አለች እምዬ። ፎቶውን ይዛ ታየዋለች። "እንዲህ ያምራል። አዲስ አበባ ነው የሚሄደው፤ ጓደኞቹም ያዩታል፣ የሚያስተምሩትም ያዩታል። እናቱ ግራኝ ናት ይበሉት?" ድምፅዋ ዝቅ አለ። የመሐመድ ጥሩምባ እንደገና ጮኸ።

"እምዬ፣ ጓደኞቹ አይደሉም ፈተና ጥለው የሚመጡት። እሱ ነው።"

እኔም መሐመድ እንዳይሄድብን ብዬ ሮጥኩና ከመኪናው ፊት መሃል መንገድ ላይ ቆምኩ። መሐመድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "አንች ልጅ፣ ደጀን ሳይመሽብኝ መድረስ አለብኝ!" አለ። "ሂድብኝ!" አልኩት። "በላዬ ላይ ሂድና ለስማቸው የኔን መርዶ ንገረው!" ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሞጣ ሰው ቆሞ ያየናል። አንዲት ሴትዮ "እች ደግሞ የማን ናት?" ስትል፣ ሌላዋ "የቢቸና" አለች፤ ሁሉም ነገር የገባት ይመስል ነበር።

ስዞር እምዬ በሩ ላይ ቆማለች። ፎቶውን ለአቶ ደምስ ዘረጋችላቸው። በግራ እጇ። ሰው ሁሉ እያያት።

"ይገልብጡት" አለች። "ልጄ በዚህች እጅ ነው ያደገው።"

አቶ ደምስ ፎቶውን ተቀብለው ገቡ። ያን ጊዜ ሁለቱም ዓይናቸው የተከፈተ ይመስለኛል። ከቆይታ በኋላ ሌላ እርጥብ ፎቶ ይዘው ወጡ፤ ለመሐመድም ይድረቅልህ ብለን የመኪናው መስታወት ላይ ለጠፍንለት፤ እሱም ነፋስ እያደረቀው፣ እኛን ቢቸና ጥሎ ወደ ደጀን ወረደ። እምዬ፣ ከፊት ለፊት ተለጥፋ፣ ዓባይን ስትሰፋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ቢቸና ላይ እንዴት እንዳሳለፍነው አልጽፍም፤ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር እምዬ ከቤት ወጥታ መንገድ ታያለች፤ ስማቸው ከመኪናው ሳይወርድ ሲቀር ተመልሳ ትገባለች። በመጨረሻ መሐመድ መጣ፤ ብቻውን ነው የወረደው። እምዬ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

"ተፈተነ" አለ መሐመድ። "ሲጨርስ ነው የመጣሁት። ፎቶውን የሰጠሁት ቀን፣ መጀመሪያ 'ዓባይ ድልድይን ማን አስሰፋት?' ብሎ ሳቀ። ከዚያ እጅዎን አየ እማማ። ቆሞ ነበር፣ ተቀመጠ። 'እምዬ ናት' አለ። ደጋግሞ 'እምዬ ናት፣ እምዬ ናት' እያለ ፎቶውን ግንባሩ ላይ አደረገው። አልቅሶ ሲጨርስ ደብተሩን ይዞ ወደ ማደሪያው ሮጠ።"

እምዬ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጎረቤት ሁሉ እልል አለ። እኔማ ምን እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ፤ ከደስታዬ ብዛት አቶ ደምስን እንኳ ይቅር አልኳቸው።

"ግን" አለ መሐመድ፣ ራሱን እያከከ፣ "አንድ ሌላ ነገር ልኳል።"

"ምን?"

"'እምዬ ካለች ታዲያ አክስቴ የውብዳርስ? እሷ ከእምዬ ጎን ጠፍታ አታውቅም። እዚህ ፎቶ ላይ ለምን የለችም? ምን ደበቃችሁኝ? ካለች ፎቶዋን ላኩልኝ፤ አለዚያ መጣሁ' ብሏል።"

ሁላችንም ወደ አክስቴ ዞርን። ደንግጣ ታማትባለች ብለን ጠበቅን። አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ በራ፣ "ሞታለች አለ? እኔን? ውይ የኔ ልጅ!" አለችና ወደ ቤት ሮጠች። ሳጥን ሲከፈት ተሰማ። ጥልፍ ቀሚሷን በራሷ ላይ እያጠለቀች፣ ግማሽ ፊቷ ገና አንገትጌው ውስጥ እንዳለ፣ በመስኮቱ በኩል ጮኸች፦

"መሐመድ! ሞተሩን እንዳታጠፋው!"